የቅዳሜ ከሰዓት ዘንዶ

አሶሳ የገባሁት ክልሉ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ ነው። ከተማው ሁሉ ቀለም ቀለም ይሸት ነበር። የቢሮዎቹ ስም የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች በደንብ አልደረቁም፤ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና የመጡት ወንበሮች ፕላስቲካቸው አልተላጠም፤ ትናንት እዚህ የነበረ ቢሮ ዛሬ ሌላ ግቢ ገብቶ ይገኛል። ከየቦታው ተመድበን የመጣን ሠራተኞችም እንደዚያው ነበርን። የት እንደምንቀመጥ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደምንቆይ፣ ማንን ጎረቤት ብለን እንደምንጠራ የምናውቅ አይመስለኝም።

እኔ እንግሊዝኛ ላስተምር ከደብረ ማርቆስ ነው የመጣሁት። የተከራየሁት ክፍል በአንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነበር። ሰውየው በርታ ናቸው፤ ወደ ሃምሳ ዓመት የተጠጉ፣ ረዥም፣ ሁልጊዜ ነጭ ጀለቢያ የሚለብሱ። ከግቢው አጥር ጀርባ፣ ገበያው አጠገብ ባለች ሱቃቸው ጨርቅና ሳሙና፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል ይሸጣሉ። አማርኛን የተማሩት ባንኮኒ ላይ ተደግፈው ከገዢ ጋር ሲከራከሩ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ይላሉ። ቁልፉን ሲሰጡኝ "መምህርት፣ እዚህ ቤትህ ነው። ዝናብ ከመጣ መስኮት ዝጋ" አሉኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። በኋላ ግን ወደድኩት። በእሳቸው አፍ ውስጥ ሴትም ወንድም አልነበርኩም፤ ሰው ነበርኩ።

በግቢው መሀል ትልቅ የማንጎ ዛፍ ነበረ። ዙሪያውን የታጠረው በቀርከሃ ነው። ሙቀቱ ሲያይል ሁላችንም ወደዚያ ጥላ እንሳባለን፤ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ሬዲዮ ይሰማል። ደብረ ማርቆስ እያለሁ ቀን መተኛት የሕመምተኛ ሥራ ይመስለኝ ነበር። አሶሳ ግን ከሰዓት በኋላ ነቅቶ መቀመጥ ራሱ አንድ ዓይነት እንቅልፍ ነው። አየሩ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ሁሉ ከሩቅ ይመጣል።

ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት እንግዳ ነበረችኝ። ሸርቆሌ በሚገኘው የስደተኞች ካምፕ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ሁላችንም "ሲስተር" ነበር የምንላት። ሺናሻ ናት፣ የቡለን ልጅ። በሚኒባስ አሶሳ ትገባና ለሳምንት የሚያስፈልጋትን ገዝታ፣ እኔ ዘንድ አድራ፣ እሑድ ትመለሳለች። የተዋወቅነው ነጋዴው ሱቅ ውስጥ አንድ ጨርቅ ለሁለት ስንጎትት ነው። ቶሎ የምትስቅ፣ ስትስቅ ግን ዓይኗ ሥራውን የማይተው ሴት ነበረች። ሰው ስታይ ትኩሳት እንዳለው የምትለካ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ መጣች።

"ያ ፈረንጅ ሄደ" አለችኝ። "የውሃ ፓምፕ የሚጠግነው። ሻንጣው አልዘጋ ሲለው ይሄን ሰጠኝ። አራት ሰው ፈልጊ ነው ያለኝ።"

"አራት ሰው ለምን?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። አንቺ ነሽ እንግሊዝኛ የምታስተምሪ።"

ቆርቆሮውን ስከፍተው ካርታ ነው። ግን የማውቀው የቡና ቤት ካርታ አይደለም። እያንዳንዱ የራሱ ሥዕል አለው። ጭጋግ የዋጠው ጫካ፣ ከባሕር ግማሽ አካላቸው የወጣ ሴቶች፣ ክንፋቸው ብርሃን የሆነ ወፎች፣ በተራራ ጫፍ ላይ የተጠቀለለ ዘንዶ። ከሥዕሉ ሥር በቀጭን ፊደል የተጻፈ ነገር አለ። ምንጣፉ ላይ ዘርግተናቸው አንድ በአንድ አየናቸው። አንዷን ካርታ ወደ ብርሃን ሳነሣት በማንጎው ቅጠል መሀል የሚያልፈው ፀሐይ ሥዕሏ ላይ እየተወዛወዘ ጫካው የሚንቀሳቀስ መሰለኝ።

ከካርታዎቹ ጋር የታጠፈ የሕግ ወረቀት ነበረ። ሳምንቱን ሙሉ ስተረጉመው ከረምኩ። ትምህርት ቤቱ ያለው መዝገበ ቃላት ግማሹን ቃል አያውቀውም፤ ያልገባኝን እየገመትኩ ሞላሁት። የጨዋታው አካሄድ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ከካርታዎቹ መርጦ የራሱን ስብስብ ያዘጋጃል። በጨዋታው ውስጥ መጀመሪያ መሬት ይዘረጋል፤ ጫካ፣ ተራራ፣ ወንዝ። መሬቱ ኃይል ይሰጣል፤ በዚያ ኃይል አውሬ፣ ወታደር ወይም ዘንዶ ይጠራል፤ የተጠራው ደግሞ የሌላውን ነፍስ ይመታል። ነፍሱ ያለቀ ይወጣል። አራት ሰው ሲጫወት ሁሉም ለየራሱ ነው፤ መጨረሻ የቀረ ያሸንፋል።

ሦስተኛው ሰው ነጋዴው ሆኑ። ከጎን ተቀምጠው ሲያዩን ቆይተው "ሰው ሁሉ ዕቃውን ይዞ ይመጣል፣ አይደለም? ጓዝ ነው" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስብስቡን ሁላችንም "ጓዝ" አልነው። "ጓዝህን አምጣ" ማለት እንጫወት ማለት ሆነ።

አራተኛው ራሱ ነው የመጣው። የከተማው ፕላን እየተሠራ ነበርና አንድ ቀያሽ ግቢውን ሊለካ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ተሸክሞ ገባ። ቀጭን ነው፤ ፊቱ ከፀሐይ የተነሣ ጠይሟል፤ አነጋገሩ የወሎ ነው። ወላጆቹ በድርቁ ጊዜ ከወሎ ወደ ፓዌ ከሰፈሩት ናቸው፤ እሱም ልጅ ሆኖ ነው አብሯቸው የመጣው። መሣሪያውን ሲተክል ምንጣፉ ላይ ያሉትን አየ።

"ካርታ ነው?"

"ካርታ ነው" አልኩት።

"እኔም ካርታ ነው የምሠራ።" ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሣ፤ ጫካ ነበር። "ይሄ ደሞ ምንድነው?"

"እሱ መሬት ነው።"

"የመሬት ካርታ!" ብሎ ሳቀ። "ኧረግ፣ እኔኮ ለዚህ ነው የተማርኩ።" ግቢውን ለካና ጨረሰ። መሣሪያውን ግን ያን ቀን አላነሣውም። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ።

ካርታዎቹን ለአራት ተካፈልን። የእያንዳንዱን ነፍስ የምንቆጥረው በለውዝ ፍሬ ነበር፤ ሲስተር ከገበያ ታመጣለች። መጀመሪያ ላይ የመታ ሰው የተመታውን ለውዝ ይበላ ነበር። ነጋዴው አንድ ቀን እጃቸውን ሰብስበው ቆሙ። "ይሄ ቁማር ከሆነ እኔ የለሁም። ፈቂ እጠይቃለሁ" አሉ። ፈቂ የሚሏቸው የቁርአን መምህሩን ነው። በሳምንቱ ተመልሰው መልሱን ነገሩን።

"ፈቂ ጠየቀኝ፤ ለውዙን ማን ይበላል? አለ። የመታው ይበላል አልኩ። እሱ ሐራም ነው አለ። ለውዙ መሀል ይቀመጥ፣ ሁሉም ይብላ፣ ሶላት አይለፍ፣ ከዚያ ጨዋታ ብቻ ነው አለ።"

ስለዚህ የሞተ ነፍስ ሁሉ መሀል ባለው ሳህን ውስጥ ይገባል፤ ሲያልቅ አብረን እንበላዋለን። ነጋዴው ሌላም ያሉት ነገር ነበር። ቀንድና ጅራት ያለው ሥዕል ያለባቸውን ካርታዎች በጣታቸው ጫፍ ገፋ አደረጓቸው። "ሸይጣን ጓዜ ውስጥ አይገባም። ማን ይወስዳል?" የእኔ ዕጣ ሆነ። በምትኩ ነጫጭ ወታደሮችና ወፎች ሰጠኋቸው። ስለዚህ የእሳቸው ጓዝ ትንንሽ ነገር ብቻ ሆነ፤ የኔ ደግሞ እሳትና ጥርስ።

የኔ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ሳይዘጋጁ መምታት። መሬቴን ጥቂት፣ አውሬዬን ብዙ አደረግኩ። ሁለት መሬት እንደዘረጋሁ ቀይ ተኩላዬን አወጣለሁ፤ ወዲያው ካጠገቤ ያለውን እመታለሁ፤ ቀጥሎ ሌላ ተኩላ። ሦስት ዙር ያህል ንግሥት ነኝ። ከዚያ ሦስቱም ይዞሩብኛል። የነጋዴው ወፎች ከላይ፣ የሲስተር ወታደሮች ከጎን፤ ቀያሹ እንኳ ገና መሬት ሲዘረጋ የነበረው ለኔ ሲል አንድ ድብ ያወጣል። ለውዜ ሳህኑ ውስጥ ያልቃል፤ ሁልጊዜም መጀመሪያ የምወጣው እኔ ነኝ።

ከወጣሁ በኋላ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ጋደም እል ነበር። አሁን ሳስበው ከዚያ ዓመት በጣም የምወደው ነገር እሱ ነው። ዓይኔ ከፈት ከደን ይላል፤ የሦስቱ ድምፅ ይሰማኛል። "ጫካውን አነሣሁ" ይላል ቀያሹ ቀስ ብሎ። "ወንዙን አስተኛሁት" ትላለች ሲስተር። "ወፉ በረረ፣ ማሻአላህ" ይላሉ ነጋዴው። ከበላዬ ማንጎው ይንሾካሾካል። ከከተማው ዳር ገበሬዎች የሚያቃጥሉት ሣር ጭሱ ሰማዩን ግራጫ ያደርገዋል፤ ፀሐይዋ ቀይ ትሆናለች። ዘንዶ ቢያልፍ የማልደነግጥበት ሰማይ ነበር። የቱ በካርታው ላይ እንዳለ፣ የቱ በአሶሳ ላይ እንዳለ ሳልለይ እንቅልፍ ይወስደኛል።

አንድ ቀን ግን ተናደድኩ።

"ለምንድነው ሁልጊዜ እኔን የምታስወጡኝ? አራት ነን እኮ!"

ሲስተርና ቀያሹ ተያዩ። ነጋዴው ናቸው የመለሱልኝ።

"መምህርት፣ አንተ ስትገባ በር ላይ ትጮኻለህ። እኛ ሁላችን እንሰማለን። ሲስተር ግን ቀስ ብሎ ይገባል። ማንም አላየውም።"

እውነታቸውን ነበር። ሁለት ሰው ብንሆን የኔ ጓዝ ያሸንፋል። አራት ስንሆን ግን ቶሎ የጠነከረ ሰው ለሦስቱ የጋራ ጠላት ነው፤ አንዱን ለመምታት የማወጣው ኃይል ሁለቱን ይጠቅማል። ቀስ በቀስ የሌሎቹን አካሄድ መመልከት ጀመርኩ። ሲስተር የምትይዘው የሚፈውስ ካርታ ነው። የተመታች ነፍሷን መልሳ ትቆጥራለች፤ ማንንም አታስፈራም፤ ስለዚህ ማንም አይነካትም። ምንጣፉ በአውሬ ሲሞላ ግን ፈገግ ብላ አንዲት ካርታ ታወርዳለች፤ ያቺ ካርታ የተጠራውን ሁሉ ጠርጋ ታጠፋለች፤ የሁላችንም ወታደር ይሞታል። መጀመሪያ ያደረገችው ቀን ቀያሹ ባዶውን ምንጣፍ እያየ "ሲስተር፣ አንቺ ነሽ በሽታው" አላት።

ነጋዴው በካርታ አልነበረም የሚጫወቱት፤ በቃል ነው። ቀያሹን "ኢንጂነር፣ ዛሬ አንተ ወፌን አትንካ፣ እኔ ሁለት ዙር አንተን አልነካም" ይሉታል። ያሉትን አንድም ጊዜ አላፈረሱም። ሲስተር አንድ ጊዜ ከእሳቸው ጋር ተስማምታ ወዲያው ያችን ጠራጊ ካርታ አወረደችባቸው። አልተቆጡም፤ ለውዛቸውን ብቻ እያዩ "ጥሩ" አሉ። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ቅዳሜ ማናችንም ከሲስተር ጋር አልተዋዋልንም። ስምምነት የሚፈልግ ወደ ነጋዴው ነው የሚዞረው። ትንንሽ ወፎቻቸው ከዘንዶ ይልቅ የሚፈሩት ለዚህ ነው፤ ሁልጊዜ ከጎናቸው ሰው አለ።

ቀያሹ ደግሞ መሬት ነው የሚወደው። ጓዙ ግማሽ በግማሽ ጫካና ተራራ ነው። ሌላው ሲዋጋ እሱ ይዘረጋል፣ ይዘረጋል። እንዴት እንደማይሰለቸው ስጠይቀው ካርታዎቹን እያስተካከለ እንዲህ አለኝ፤ "ፓዌ ስንደርስ አባቴ ዛፍ ብቻ ነበር የሚቆርጥ። ወር ሙሉ ዛፍ። እናቴ ታለቅሳለች፣ እሱ ይቆርጣል። ማሽላውና ቤቱ፣ ላሟ፣ ሁሉም በኋላ ነው የመጣ።" ብዙ ጊዜ ሳይደርስለት ይሸነፋል። አልፎ አልፎ ግን ያ ከተራራ ጫፍ የተጠቀለለው ዘንዶ ይወጣለታል፤ ያን ጊዜ የሚያቆመው የለም።

እኔም ጓዜን ልለውጥ ወሰንኩ። ለዚህ መለዋወጥ ነበረብኝ፤ መለዋወጥ ማለት ደግሞ ነጋዴው ፊት መቀመጥ ነው። ተኩላዬን እንደ ጨርቅ በጣታቸው አሻሽተው፣ ገልብጠው አይተው፣ የማይፈልጉት መስለው አስቀመጡት። "ይሄ ጥርሱ ብዙ ነው። ሆዱ ባዶ ነው።" ስንከራከር አመሸን። በመጨረሻ ተኩላዎቼን ለቀያሹና ለሲስተር አከፋፍለው፣ በልዋጩ ለኔ ጭጋግና ግንብ ሰበሰቡልኝ። ለራሳቸው የወሰዱት አንዲት ነጭ ወፍ ብቻ ነው። "ይሄ ወፍ ዳቡስ ወንዝ ላይ አየሁት" አሉኝ በሙሉ ልብ። አልተከራከርኳቸውም።

ከአዲሱ ጓዜ ጋር ጨዋታው ሌላ ሆነ። ግንቤን አቁሜ፣ ጭጋጌን አልብሼ እቀመጣለሁ። የሚመታኝ የለም። መጀመሪያ መውጣት ስለቀረ ጋደም ማለቴም ቀረ። ቀያሹ ሲያስብ ከንፈሩን እንደሚነክስ፣ ሊሸነፍ ሲል ፀጥ እንደሚል፣ ካርታ ሲስብ እጁ እንደሚዘገይ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። አንዳንዴ የኔ ተራ ደርሶ ሦስቱም እየጠበቁኝ ነው የምነቃው። "መምህርት የት ሄደ?" ይላሉ ነጋዴው።

ዝናቡ ሊጀምር አካባቢ ቀያሹ ወደ መተከል ታዘዘ። የወረዳና የቀበሌ ወሰን የሚለካበት ጊዜ ነበር። ከመሄዱ በፊት ጓዙን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ ሰጠኝ።

"ያዢልኝ። ዝናቡ ሳይበረታ እመለሳለሁ።"

ዝናቡ ግን በዚያ ዓመት ቸኮለ። አሶሳ ሲዘንብ ሰማዩ አይዘንብም፣ ይወርዳል። ቀዩ መንገድ ቀይ ወንዝ ሆነ፤ ከአባይ ማዶ የነበረው የእነ ቀያሹ መኪናም ጭቃ ውስጥ ቀረ። ቀያሹ የሚሠራበት ቢሮ በሬዲዮ የሰማው ወሬ "ደህና ነው፣ መንገድ ግን የለም" የሚል ነበር። ከዚያ ወሬውም ቆመ።

እኛ መጫወት አላቆምንም። ምንጣፉን ወደ በረንዳው አስገባን። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሦስት ሆነን ስንቀመጥ አራተኛው ቦታ አፉን ከፍቶ የሚያየን መሰለ። ነጋዴው ከረጢቱን አመለከቱ። "የኢንጂነር ጓዝ አለ። አንድ ሰው ይጫወትለት። ቦታው ባዶ አይሁን።" ጭጋጌን ትቼ የሱን አነሣሁ።

እንዴት ያለ አስቸጋሪ ጓዝ ነበር! እጄ ላይ የሚመጣው መሬት ነው። ጫካ፣ ጫካ፣ ተራራ። የነጋዴው ወፎች እየመጡ ነፍሴን ይለቅማሉ፤ እኔ የምዘረጋው መሬት ብቻ። ቅዳሜ አልፎ ቅዳሜ ሲመጣ ተሸነፍኩ። በሳምንቱ ውስጥ ክፍል እያስተማርኩ፣ መስኮቱ ከዝናቡ የተነሣ ነጭ ሆኖ፣ ተማሪዎቼ የእንግሊዝኛ ግሥ ሲያረቡ፣ እኔ በጭቃ ውስጥ መሬት እየለካ የሚሄድ ሰው አያለሁ። አንድ ጫካ ያልፋል፤ ሌላ ጫካ ይመጣል፤ አያልቅም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እርስ በርሳችን አንሰማማም ነበር፤ በእጅ ምልክት ነው የምንጫወተው። ለውዜ ሊያልቅ ነው። አንዲት ካርታ ሳብኩ፤ ዘንዶው ነው። መሬቴን ቆጠርኩ፤ ይበቃል። ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት። ሲስተር አፏን በእጇ ያዘች። ነጋዴው ወፎቻቸውን አንድ በአንድ ሰበሰቡ። ዘንዶው ማንም ሳያቆመው ሁለቱንም ጨረሰ። አሸነፍኩ። አሶሳ ከመጣሁ ጀምሮ ያሸነፍኩት መጀመሪያዬ ነበር፤ እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ።

ነጋዴው በጣም ተቸገሩ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ጮኹ፤ "አሸንፈህ ታለቅሳለህ? እኛ ምን እናድርግ?"

ሲስተር ግን ለውዙን ከሳህኑ እፍኝ አድርጋ እጄ ውስጥ አስገባችና ጣቶቼን ዘጋቻቸው። በማግስቱ ወደ ሸርቆሌ አልተመለሰችም። ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሄዳ ሬዲዮ የሚያሠራውን ሰው አስነሥታ፣ አስጨንቃ፣ ከወረዳ ወረዳ አስጠየቀች። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት መጥታ ከክፍል አስጠራችኝ።

"ቡለን ነው" አለችኝ። "ወባ ነው፣ ክፉኛ ታሞ ነበር። አሁን ተነሥቶ እየበላ ነው። እናቴ ቤት ነው ያለው።"

"እናትሽ ቤት? እንዴት?"

"እናቴ የታመመ እንግዳ ክሊኒክ አስተኝታ የምታድር ሴት አይደለችም።"

ደጃፉ ላይ ቆመን ሳቅን። ዝናቡ እንደቀጠለ ነበር። ክፍሌ ተመልሼ ያስተማርኩትን ግን አላስታውስም።

ቀያሹ የተመለሰው ኮረብታው ቢጫ አበባ ሲለብስ፣ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ቀርከሃው ላይ ሲተኛ ነው። ቅዳሜ ነበር። ምንጣፉ ወደ ማንጎው ሥር ተመልሷል። በሩ ተንኳኳ፤ ልብሱ የሰፋበት፣ ጉንጩ የገባ ሰው ዱላ ይዞ ቆሟል።

"ኧረግ፣ ያለኔ ትጫወታላችሁ?"

ነጋዴው ተነሥተው አቀፉት፤ "አልሐምዱሊላህ" እያሉ ጀርባውን ደጋግመው መቱት። ሲስተር ከንፈሩንና የዓይኑን ቆብ ገልጣ አየች። እኔ ካርታ እንደያዝኩ ቀረሁ። አጠገቤ ተቀመጠና እጄ ላይ ያለውን አየ።

"የኔ ጓዝ አይደለም እንዴ?"

"ያንተ ነው።"

"እንዴት ሆነልሽ?"

"አይሆንልኝም። ከአንዴ በቀር ሁልጊዜ እሸነፍበታለሁ።"

"አንቺ መጠበቅ አትችዪማ።"

"ክረምቱን ሙሉ ምን ስሠራ የነበረ ይመስልሃል?"

የተናገርኩት ከጆሮዬ ሲደርስ ፊቴ ጋለ። ነጋዴው ካርታቸውን ሰብስበው ተነሡ።

"ሲስተር፣ ና። ሱቅ እንሂድ። አዲስ ጨርቅ አለ።"

"አሁን? ተራዬ እኮ ነው!"

"ና ብያለሁ።"

ሄዱ። ምን ምን እንደተነጋገርን ሁሉን አልጽፍም፤ ብዙም አይደለም። መንገዱን ነገረኝ፣ እኔም የትምህርት ቤቱን ወሬ ነገርኩት። አንድ ነገር እያወራሁለት መልሱን ስጠብቅ ተኝቷል። በሁለት ቀን የጭነት መኪና ጉዞ ደክሞታል። አልቀሰቀስኩትም። ጥላው ቦታ በለወጠ ቁጥር ፀሐይ ፊቱ ላይ እንዳያርፍ ዱላው ላይ ነጠላዬን ዘረጋሁለት። ግቢው ፀጥ ብሎ ነበር፤ ከሱቁ በኩል ሲስተር ስለ ጨርቁ ስትከራከር ይሰማኝ ነበር።

የተጋባነው ፓዌ፣ ወላጆቹ ቤት ነው። ነጋዴው መንገዱ ሁሉ ሳይከብዳቸው አብረውን መጡ፤ ለኔ ያመጡልኝ ጨርቅ ከሲስተር ጋር መጀመሪያ የጎተትነው ዓይነት ሳይሆን ከሱዳን በኩል የመጣ ቀጭን ነጭ ነበር። ሲስተርም ከቡለን እናቷን ይዛ ደረሰች። ሴትየዋን ሳመሰግን ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝ።

"ልጄ፣ ባልሽ በትኩሳቱ ጫካና ተራራ ሲጠራ ነው የሰነበተው። ቀያሽ ነው አሉኝ፤ የሥራው ነገር ነው ብዬ ተውኩት። ዘንዶው ገና ነው፣ ትንሽ ጠብቁ ሲለኝ ግን ውሃ ደፋሁበት።"

የሠርጉ ቀን ሳቄን ማቆም አቅቶኝ አማቴ ደንግጠው ነበር።

በዓመቱ ሲስተር ወደ ቡለን ተዛወረች፤ እናቷ ብቻቸውን ነበሩና ራሷ ነው የጠየቀችው። የራሷን ካርታዎች ይዛ ሄደች፤ ጠራጊዋን ካርታ ግን ለነጋዴው ሰጠቻቸው። ሦስት ሆነን ሞከርነው። ሦስት ሲሆን ግን ሁለቱ ይተባበራሉ፣ አንዱ ይቀጠቀጣል፤ እኔና ባሌ ስምምነት ሳንነጋገር እንኳ የተስማማን እንመስል ነበር። ነጋዴው ጥቂት ቅዳሜ ታገሡና "ይሄ ጨዋታ አይደለም፤ ይሄ ፍርድ ቤት ነው" ብለው ጓዛቸውን አሰሩ። እየሳቁ ነው ያሉት። ከዚያ ሴት ልጃችን ተወለደች፤ ቅዳሜ የሽንት ጨርቅና የውሃ ቀን ሆነ። ማንም እናቁም አላለም፤ ዝም ብሎ ቆመ።

ልጅቷ ገና መቀመጥ ስትጀምር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። የነቃሁት በድምፅ ነው። ባሌና ነጋዴው ማንጎው ሥር ስለ ሰሊጥ ዋጋ ቀስ ብለው ይነጋገራሉ። በመሀላቸው ልጅቷ ቁጭ ብላ የነጋዴውን ጀለቢያ ጫፍ ትበላለች። "አንተ ጨርቅ አትብላ፣ ጨርቅ ውድ ነው" ይሏታል፤ አይወስዱባትም። ከምዕራብ በኩል ደመና ይሰበሰብ ነበር፤ አየሩ የእርጥብ አፈር ሽታ ጀምሯል። ተነሥቼ የተሰጣውን ልብስ ማስገባት ነበረብኝ። ነቅቻለሁ፤ ግን አልተንቀሳቀስኩም። የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮው ላይ እስኪወድቅ ድረስ ዓይኔን ከድኜ ሰማኋቸው።